ዘጠኝ ቡድን ይዞ የመጣው ጌም፤ ኢፉትቦል 2022 በጎንደር ፕሌይስቴሽን ቤት ሲመዘን

የእግር ኳስ ጌም ጎንደር ውስጥ የሚፈረድበት ከአሥር በሚሰጥ ነጥብ አይደለም። ፒያሳ አካባቢም ይሁን በማራኪ ግቢ ዙሪያ፣ በፕሌይስቴሽን ቤት የተለመደው ሕግ ይታወቃል፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ ያሽሟጥጣል። አዲስ ጌም ገብቶ በሦስተኛው ቀን "የድሮውን ክፈትልን" የሚለው ከበዛ፣ ያ ጌም ተፈርዶበታል።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያየው የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኮናሚ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ያወጣውን ኢፉትቦል 2022 ነው። በየአገሩ የተጻፈበት ትችት አብዛኛው እውነት ነበር። ለጎንደር ቤት ግን አብዛኛው አይጠቅምም ነበር። እውነት ሆኖ የማይጠቅም ትችት እንዴት እንደሚጻፍ ከዚህ ጌም የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ስሌቶቹ ሁሉ የተሠሩት አራት ፒኤስ 4፣ አራት ቴሌቪዥንና ስምንት ጆይስቲክ ያለው ቤት ታስቦ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። ኮናሚ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የእግር ኳስ ጌሙ ለዓመታት ይጠራበት የነበረውን "ፔስ" የሚለውን ስም ጥሎ ጌሙን ኢፉትቦል ብሎ እንደሚጠራው፣ በነጻ እንደሚለቀውና ከፔስ 2014 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረውን ፎክስ ኢንጂን የተባለ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ትቶ ወደ አንሪል ኢንጂን እንደሚዛወር አስታወቀ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ጌሙ ወጣ። በማግስቱ ተፎካካሪው ፊፋ 22 ተከተለ። በዚያው ማግስት ኮናሚ ስለ ተጫዋቾች ፊት፣ ስለ እንቅስቃሴያቸውና ስለ ኳሱ ጠባይ የቀረበለትን ወቀሳ ጠቅሶ ይቅርታ ጠየቀ። ጌሙ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ከተጠቃሚዎች ዝቅተኛውን ደረጃ ካገኙት አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው ትልቅ ማስተካከያ፣ ቁጥር 0.9.1፣ ለጥቅምት 18 ተቀጥሮ ጥቅምት 26 ደረሰ። ሙሉው 1.0 ደግሞ በዚያው መኸር ይወጣል ተብሎ ተገፍቶ ተገፍቶ ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ላይ መጣ፤ አስቀድመው ለተጨማሪ ጥቅል የከፈሉ ሰዎችም ገንዘባቸው ተመለሰላቸው።

በመስከረሙ ቅጂ ውስጥ የነበሩት ክለቦች ዘጠኝ ናቸው፤ ባርሴሎና፣ ባየርን ሙኒክ፣ ጁቬንቱስ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ አርሰናል፣ ኮሪንቲያንስ፣ ፍላሜንጎ፣ ሳኦ ፓውሎ እና ሪቨር ፕሌት። ይህን ዝርዝር አንባቢው ይያዘው።

ፊትና እጅ

የዓለም ትችት የተረባረበው ፊት ላይ ነው። ዓይናቸው የፈዘዘ ኮከቦች፣ እንደ ክንፍ ተዘርግተው የቀሩ እጆች፣ በሰም የተሠራ የሚመስል ተመልካች። ፎቶው በየስልኩ ዞረ፤ ሳቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከስክሪኑ ሁለት ሜትር ርቀው በሰፊ ካሜራ ሲጫወቱ ተጫዋቹ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ፊቱ ጎልቶ የሚታየው ጎል ሲገባ በሚደገመው ምስል ብቻ ነው፤ ጎል የገባበትም ኤክስን ደጋግሞ ተጭኖ ያልፈዋል። ስለዚህ የፊቱ ጉድለት እዚህ ቤት ውስጥ የአንድ ምሽት ሳቅ ነው። ደንበኛ አያስቀርም።

ደንበኛ የሚያስቀረው ቡድን መምረጫው ላይ ነው። የቼልሲ ደጋፊ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ዘጠኙን ዞሮ እነበረበት ይመለሳል።

"ቼልሲ የታለ?"

"የለም።"

"ሊቨርፑልስ?"

"እሱም የለም። አርሰናል ያዝ በቃ።"

"አርሰናል ከምይዝ ከፍዬ ብሄድ ይሻለኛል!"

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር የእንግሊዝ ሊግ ደጋፊነት ከሰፈር ዝምድና አይተናነስም፤ ተሸናፊ ከፋይ በሆነበት ጨዋታ ደግሞ ሰው በማያውቀው ቡድን ገንዘቡን አያስይዝም። ከዘጠኙ የእንግሊዝ ሊግ ክለቦች ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስቱ የብራዚል ክለቦች ሳኦ ፓውሎ ለሚኖር ሰው በረከት ናቸው፤ ጎንደር ላይ ግን መቀመጫ ያጣብባሉ። አንድ የውጭ ገምጋሚ "የቡድን ብዛት አነስተኛ ነው" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ነገር ለዚህ ቤት የጌሙ ትልቁ እንከን ነው።

"ፔስ 2021ም እኮ ቼልሲና ሊቨርፑል በስማቸው አልነበሩትም" የሚል ይመጣል። ልክ ነው። ከእንግሊዝ ሊግ በሙሉ ፈቃድ የገቡት ዩናይትድና አርሰናል ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ በተለወጠ ስምና በሐሰት ማሊያ ነው የቀረቡት። ልዩነቱ ያለው በመድኃኒቱ ነው። በፔስ 2021 ቡድኖቹ ውስጥ ተጫዋቾቹ በእውነተኛ ስማቸው አሉ፤ ስሙን፣ አርማውንና ማሊያውን ማስገባት በፒኤስ 4 ላይ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፍላሹ በኤፍኤቲ 32 ወይም በኤክስኤፍኤቲ ፎርማት ይደረጋል። ውስጡ ደብልዩ፣ ኢ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤስ በሚሉ አምስት ትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተሰየመ አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ጌሙ ፍላሹን ባዶ ነው ይላል። የስሙ፣ የአርማውና የማሊያው ፋይሎች በዚያ ውስጥ በቀጥታ ይቀመጣሉ፣ በሌላ ፎልደር ተጠቅልለው ከገቡ አይታዩም። ከዚያ ከጌሙ ኤዲት ክፍል ቡድን ማስገቢያውን ከፍቶ ሁሉንም መምረጥ፣ የተጫዋችና የስብስብ መረጃም አብሮ እንዲገባ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት ማድረግ፣ መጠበቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ሳጥን ላይ ነው፤ ሲረሳው ማሊያው ይቀየራል፣ ተጫዋቾቹ ግን የድሮዎቹ ይሆናሉ። ሌላው ስህተት ግጥሚያ ሲጀመር በኢንተርኔት የሚመጣውን የስብስብ የቀጥታ ማሻሻያ ሳያጠፉ መቅረት ነው፤ ያኔ ያስገቡት ስብስብ ሜዳ ላይ ሲገቡ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

በዚሁ መንገድ ቀይና ነጭ ማሊያ ሠርቶ ፋሲል ከነማን ማስገባትም ይቻላል። አፄዎቹ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሱት በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ኢፉትቦል የወጣው ዋንጫው ገና ትኩስ ሳለ ነበር። ኢፉትቦል 2022 ሲወጣ ግን ኤዲት ክፍል አልነበረውም። ጉድለቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም የፔሱን ልጆቹ በእጃቸው ይሞሉታል፤ የኢፉትቦሉን ኮናሚ እስኪሞላው መቀመጥ ነው። ሁለቱን "የፈቃድ ችግር" በሚል አንድ ሐረግ ያለፈ ገምጋሚ ጌሙን አላየውም።

ሁለተኛው ከባድ እንከን ጣት ላይ ነው። ፔስ ለዓመታት ያስተማረው መከላከል በጆይስቲኩ ላይ ያለውን የካሬ አዝራር ተጭኖ ይዞ ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ኳሱ መጥራት ነው። የመስከረሙ ኢፉትቦል ይህን ትእዛዝ አውጥቶ ጣለው። ለዓመታት ያንን የተጫወተ ልጅ ካሬውን ተጭኖ ማንም ሳይመጣለት ሲቀር "ጌሙ ተበላሽቷል" ይላል፤ ሐቁ ግን ትእዛዙ መነሳቱ ነው። ኮናሚ የሰው ጥሪውንም የትከሻ ግፊያውንም መልሶ ያስገባው በ1.0 ነው። ጥሩ ግምገማ "መከላከሉ ደካማ ነው" አይልም፤ "ካሬ ሁለተኛ ሰው አይጠራም፣ ስለዚህ ክንፍ ላይ አንድ ለአንድ ትቀራለህ" ይላል። የመጀመሪያው የገምጋሚው ስሜት ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም ሰው ጆይስቲክ ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከጌሙና ከዕቃው ማን ጥፋተኛ ነው?

በፕሌይስቴሽን ቤት ከሚሰማው ስሞታ ብዙው የጌሙ አይደለም። "ተጫዋቹ ራሱ ይሄዳል" ከተባለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጆይስቲኩ ማንሻ ነው። በፒኤስ 4 ጆይስቲክ ማንሻ ሥር የእንቅስቃሴውን መጠን የሚለካ ትንሽ ክፍል አለ፤ ውስጡ ያለው የካርቦን መስመር በመታሸት ብዛት ሲያልቅ ማንሻው ሳይነካ ይነዳል። ቀን ሙሉ የሚሠራ ጆይስቲክ ደግሞ ቤት ከተቀመጠው ቀድሞ ያልቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ጆይስቲክ ይለዋወጡና ያንኑ ግጥሚያ ይቀጥሉ። ችግሩ ከጆይስቲኩ ጋር ከሄደ ጌሙ ነጻ ነው። አቧራ ከሆነ በአልኮል የረጠበ ጥጥ ይመልሰው ይሆናል፤ መስመሩ ካለቀ ግን ክፍሉ ተነቅሎ፣ በብየዳ መተካት አለበት።

"ኳሱ ይዘገያል" የሚለው ስሞታ ከዚህ ይከብዳል፤ ዝግመቱ የቴሌቪዥኑ፣ የጌሙ ወይም የሁለቱም ሊሆን ይችላል። መለኪያው በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ነው። ጣቱና ስክሪኑ በአንድ ላይ እንዲታዩ አድርጎ መቅረጽ፣ ከዚያ አዝራሩ ከተጫነበት ፍሬም ተጫዋቹ እግሩን እስካነሳበት ድረስ መቁጠር። አንዱ የስልክ ፍሬም ወደ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ጌም አንድ ፍሬሙ አራት የስልክ ፍሬም ይሆናል። ይኸው በአንድ ቴሌቪዥን፣ በአንድ ጆይስቲክ፣ መጀመሪያ በፔስ 2021 ቀጥሎ በኢፉትቦል አሥር አሥር ጊዜ ይደገማል። ቴሌቪዥኑ በሁለቱም ላይ ያው ስለሆነ የሚተርፈው ልዩነት የጌሙ ነው። ከመለካት በፊት ቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ ላይ መሆኑ ይታይ፤ ምስል ለማሳመር የሚሠራው የቴሌቪዥኑ ማጣሪያ ራሱ የቻለ ዝግመት ይጨምራል። ይህን ሳያደርግ "ምላሹ ቀርፋፋ ነው" ብሎ የጻፈ ሰው ምናልባት ስለ ቴሌቪዥኑ ነው የጻፈው።

የአንድ ግጥሚያ ርዝመትም ለቤቱ ዋና ነገር ነው፤ ግምገማዎች ግን ትዝም አይላቸው። ግጥሚያው አሥር ደቂቃ ተብሎ ይሞላል፤ ከመጫን፣ ከመግቢያ ትርኢት፣ ከእረፍትና ከሚደጋገም ምስል ጋር አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ቤቱ በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ አንድ ማሽን 42 ግጥሚያ ያወጣል። የማይዘለል ትርኢት ሁለት ደቂቃ ቢጨምር 37 ይሆናል። በአራት ማሽን በቀን ሃያ ግጥሚያ ጠፋ ማለት ነው። ለቤቱ ባለቤት ይህ ከፊት ጥራት ይልቅ የሚያመው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ገምጋሚው ሰዓት ይዞ ከቡድን መምረጫ እስከ ቀጣዩ ቡድን መምረጫ ያለውን ጊዜ ቢያንስ አምስት ጊዜ መለካት ይኖርበታል።

"ነጻ ነው" የሚለውም ሒሳብ ይፈልጋል። ኢፉትቦል 2022 በዲስክ አልወጣም፤ በኢንተርኔት ብቻ ነበር የሚወርደው። 40 ጊጋባይት የሚሆን ጌም በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር ለማውረድ ወደ 18 ሰዓት ይወስዳል፤ አራቱን ማሽን ለየብቻ ከሆነ ሦስት ቀን። አንዴ ብቻ ማውረድ የሚቻልበት መንገድ አለ፦ ከ250 ጊጋባይት በላይ የሆነ የዩኤስቢ 3.0 ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በፒኤስ 4ቱ ላይ ለጌም ማስቀመጫነት ፎርማት ማድረግ፣ እዚያ ላይ መጫን፣ ከዚያ ጌሙን ባወረደው አካውንት በሌላው ማሽን ላይ ገብቶ ወደ ውስጥ ማዛወር። ፎርማቱ በዲስኩ ላይ የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የሠርግ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ አይሰካ። ይህ ግን የመጀመሪያውን ጭነት ብቻ ነው የሚያቃልለው፤ ዘጠኝ ቡድን የነበረው ጌም ሙሉ የሚሆነው በተከታታይ ማሻሻያ ነውና ቤቱ የመስመሩ ጥገኛ ሆነ ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለበርካታ ወራት ሲዘጋ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ የድሮ ጌም ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

መብራትም አለ። ፒኤስ 4 እየሠራ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ሲነሳ ማከማቻውን ይፈትሻል፤ ይህ ደህና ነው። ጌሙ ፋይል እያስቀመጠ ባለበት ቅጽበት ከጠፋ ግን የተበላሸው ሴቭ ላይመለስ ይችላል፣ ከሰዓቱን የጨረሰው የቡድን ማስገባት ሥራም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኤዲቱ እንዳለቀ ከማሽኑ ሴቲንግ የጌም ሴቭ ማስተዳደሪያውን ከፍቶ ወደ ፍላሽ መቅዳት የሥራው የመጨረሻ እርምጃ ተደርጎ ይያዝ።

መጥፎው መካከለኛ ሲሆን

የመስከረሙን ቅጂ መተቸት ቀላል ነበር፤ መጥፎ ጌም ትችቱን ራሱ ይጽፋል። ከባዱ ሚያዝያ ላይ የመጣው ነው። 1.0 ፓሱን አፈጠነ፣ መከላከያውን መለሰ፣ ብዙ ብልሽት ጠገነ። የማይጫወቱት ጌም መሆኑ ቀረ፤ የሚመርጡት ጌም ግን አልሆነም። እዚህ ላይ ገምጋሚዎች የሚይዙት ነገር ያጣሉ፤ "አሁን የተሻለ ነው" ይሉና ከአሥር ስድስት ሰጥተው ያልፋሉ። ከምን የተሻለ? ከመስከረሙ ራሱ። ልጁ ግን ጌሙን የሚያወዳድረው በዚያው ስክሪን ላይ ሊከፈት ከሚችለው ከፔስ 2021 ጋር ነው።

ፔስ 2021 ራሱ ሲወጣ የተወቀሰ ጌም መሆኑን ማስታወስ እዚህ ይጠቅማል። ኮናሚ ራሱ "የሲዝን ማሻሻያ" ብሎ ነው ያወጣው፤ የፔስ 2020 ገላ ላይ አዲስ ስብስብና ማሊያ አልብሶ፣ በቀነሰ ዋጋ። "ያው ጌም ነው" የሚለው ትችት ልክ ነበር። ታዲያ ፔስ 2020ን ላልገዛ ቤት ያው መሆኑ ምኑ ነው ጉዳቱ? እንዲያውም ጣት የለመደው ትእዛዝ አለመነካቱ ጥቅም ነው። ዓመት በዓመት ለሚገዛ ሰው መካከለኛ የሆነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ለሚቀይር ቤት ጥሩ ሆኖ ተገኘ።

የፊፋ 22ም ወሬ ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። በዚያ ሰሞን የተሞገሰው ሃይፐርሞሽን የተባለው የእንቅስቃሴ ሥራ በፒኤስ 5 እና በእኩዮቹ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ የፒኤስ 4ው ቅጂ አልደረሰውም። ስሙ አንድ፣ ሽፋኑ አንድ፣ ጌሙ ሁለት። ስለዚህ ከማንኛውም ነጥብ በፊት መነበብ ያለበት ገምጋሚው በየትኛው ማሽን እንደተጫወተ ነው፤ ያንን ያልጻፈ ግምገማ ለፒኤስ 4 ቤት ባይነበብም ይቀራል።

በዚህ ሚዛን የመስከረሙ ጌም ግምገማ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እንዲህ ይነበባል፦

"ኢፉትቦል 2022፣ ቅጂ 0.9.0፣ በፒኤስ 4። ክለብ ዘጠኝ፤ ቼልሲ፣ ሊቨርፑልና ሲቲ የሉም፣ በፍላሽም አይገቡም። ካሬ ሁለተኛ ተከላካይ አይጠራም። በዲስክ የለም፣ መስመር ይፈልጋል። ፊቱ ያስቃል፣ ጨዋታውን አይነካም። የዩናይትድ ወይም የአርሰናል ደጋፊ ከሆንክ ሁለት ግጥሚያ ሞክረው። በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ ይጫን፤ በሦስቱ ፔስ 2021 ይቆይ። 1.0 ሲወጣ መጀመሪያ ካሬውን፣ ቀጥሎ የቡድን መምረጫውን፣ ቀጥሎ የግጥሚያውን ሰዓት ፈትሸን ይህን ወረቀት እንቀይራለን።"